ያልተነካው አመድ

የቄስ ወልደ ጻድቅ ሬሳ ገና ሳይገነዝ ወንድማቸው ቄስ አስማረ ሰቆጣ ፖሊስ ጣቢያ ደረሱ። «ሚስቱ መርዛው ነው» አሉ። በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. ነሐሴ ፲፪፣ ፍልሰታ ሊፈታ አራት ቀን ሲቀረው ነበር።

የአሥር አለቃ ምንዋጋው መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው። ያን ቀን ደግሞ ጨርሶ አላስቻለውም። ከሁለት ቀን በኋላ እስረኛ የሚወስድ አጃቢ ይመጣል። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ደብሬ አንዴ ወህኒ ከወረደች የሚያስታውሳት እንደማይኖር ያውቃል። በዝናብ እየተጣደፈ ለቅሶ ቤት ገባ።

«ምን ሰጠሻቸው?»

«ከቅዳሴ መልስ የተልባ ውሃ ነው፣ ጌታዬ። ከዚያው ማሰሮ እኔም ጠጣሁ፣ እናታቸውም ጠጡ። እሳቸውን ግን አስመለሳቸው፣ አስቀመጣቸው። ሦስት ቀን አልዘለቁም።»

«'ይሞታሉ' ብላ ስትዝትበት ጎረቤት ሰምቷል» አሉ ቄስ አስማረ ከደጅ።

«ብያለሁ» አለች ደብሬ። «ሳሉ ሲበረታባቸው 'አይቀድሱ፣ ይሞታሉ' አልኳቸው። እምቢ አሉኝ።»

ጎረቤቷ እማዋይሽም ይህንኑ መሰከረች። አሮጊቷ እናት ደህና ናቸው። ሰፈሩን ሁሉ የያዘውን ሳል ያመጡት ቄስ አስማረ ራሳቸው ናቸው፤ ከመቀሌ የተመለሱ ሰሞን ነው።

ምንዋጋው አልጋው ሥር ጎንበስ አለ። አመድ የተሞላ ገል ተቀምጧል። በዚያ ሳምንት በገባበት ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ገል አይቷል፤ ሁሉም በአክታ የቆሸሸ ነበር። የዚህኛው አመድ ግን ዛሬ የተዛቀ ይመስላል።

«ማን ቀየረው?»

«ማንም። ሳሉ የጀመራቸው ቀን ነው ያስቀመጥኩላቸው፤ አልነኩትም።»

ገሉን ይዞ ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ በየቤቱ እየዞረ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ሳል ብቻ የያዘው ማን ነው፣ ሆዱንም የታመመው ማን ነው?

ነሐሴ ፲፬ ከቅዳሴ በኋላ ደብሬን፣ ቄስ አስማረን፣ እማዋይሽን፣ የደብሩን አለቃ ገብረ አምላክንና የክሊኒኩን ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳቱን ካሳን ደጀ ሰላም በሚነደው እሳት ዳር ሰበሰበ። ገሉን መሐል አስቀመጠው።

«ተልባውን ሦስት ሰው ጠጣ፤ የታመመው አንድ ነው። ስለዚህ መርዝ የለም» አለ እየተመላለሰ። «ሰፈሩ ሁሉ ሳለ፣ ሆዱን ግን አላመመውም። ሆዳቸውን የታመሙት ቄስ ወልደ ጻድቅና አብረዋቸው የቀደሱ ሁለት ካህናት ናቸው። ሌላው ያላደረገውን እነሱ ምን አደረጉ?»

ገሉን በጣቱ አመለከተ።

«እንደ ሰው ሁሉ ሳሉ፤ ግን አልተፉም። በየቀኑ ይቆርቡ ነበር። የቆረበ ሰው ደግሞ አይተፋም። ስምንት ቀን ሙሉ አክታቸውን ዋጡ። ካሳ፣ ንገራቸው።»

«ይህን ጉንፋን የሚያመጣው ሐኪሞች ቫይረስ የሚሉት ረቂቅ ነገር ነው» አለ ካሳ። «ብቻውን ቢዋጥ የሆድ ኮምጣጣ ውሃ አብዛኛውን ይገድለዋል። በወፍራም አክታ ተጠቅልሎ ሲወርድ ግን ያመልጥና አንጀት ውስጥ ሊራባ ይችላል። ሁሉን ሰው አይጥልም። እሳቸው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ ጿሚ ነበሩ፤ ሰውነታቸው ደረቀ።»

አለቃ ገብረ አምላክ ወደ ቄስ አስማረ ዞሩ። «ወልደ ጻድቅ ልረፍ ብሎ ነበር። 'ሳል ቅዳሴ አያስቀርም' ብለህ የመለስኸው አንተ ነህ።»

ቄስ አስማረ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳል ያዛቸው። ጉንጫቸው ሞላ። ዛሬም ቀድሰዋል፤ ዛሬም ቆርበዋል። ሊውጡ ሲሉ የሁሉም ዓይን ጉሮሯቸው ላይ አረፈ።

ደብሬ ተነሥታ ገሉን አነሣችና ፊታቸው ያዘችላቸው። ጠልታቸዋለች፤ ቢሆንም ሌላ ሬሳ ማየት አልፈለገችም።

«እዚህ ላይ ይትፉ፣ አባ።»

ቄሱ የደብሩን አለቃ በዓይናቸው ለመኑ።

«ትፋ» አሉ አለቃ ገብረ አምላክ። «እሳት ይበላዋል፤ እግር አይረግጠውም።»

ቄስ አስማረ ለገዛ ወንድማቸው በተቀመጠው አመድ ላይ ተፉ፤ ከዚያም እንደ ሕፃን አለቀሱ። ደብሬ ገሉን ይዛ ወደ እሳቱ ሄደች። ምንዋጋው ሁለቱን ቀን ከታሰረችበት ጎተራ ቤት ጀምሮ ሲከተላት የነበረውን ዘበኛ በእጁ ምልክት አስቀረው።