የከበደች ጉልበት

«ሳቂ» አለ ሞገስ።

ሚልካ ሳቀች።

«እንደዚህ አይደለም። ይኼ ውጤቷ ጥሩ የመጣላት ልጅ ሳቅ ነው። እኔ የምፈልገው ጎረቤትሽ ላይ የምትስቂውን ነው።»

ሞገስ ጭሮ ውስጥ ፎቶ ቤት አለው። ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ የሠርግ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ከኋላ ያለችውን ጠባብ ክፍል ደግሞ ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን ሸፍኖ «ስቱዲዮ» ይላታል። እዚያ የተቀረጸ ማስታወቂያ በፍላሽ ይገለበጥና በጂብሪል ባጃጅ ላይ በታሰረው ሞንታርቦ ከተማውን ይዞራል። ሚልካ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አንባቢ ናት። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የጸሎት ርዕሶችን የምታነበውም እሷ ናት። በአማርኛም በኦሮምኛም ምላሷ አይያዝም። ለድምጿ ሞገስ የሚከፍላት ለአሥረኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ የሚሆን ስምንት ጉርድ ፎቶ ነው። በስምንቱም ላይ ዓይኗ አልተጨፈነም፤ በሞገስ ቤት ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም።

የዛሬው ማስታወቂያ ሽንት ለሚያመልጣቸው ሴቶች ስለሚሆን ዱቄት ነው። ባለመድኃኒቱ ከገበያው በታች ድንኳን የተከለ ሰው ነው። ጽሑፉን በራሱ እጅ ጽፎ ልኮታል፦ «ሽንት ለሚያመልጣችሁ ሴቶች መድኃኒት መጥቷል። ቶሎ ኑ።» በቃ፣ ይኼው ነው።

«ደረቅ ነው» አለ ሞገስ። «ይኼን ማን ጆሮ ይሰጠዋል? አንቺ መጻፍ ትችያለሽ አይደል? ከኑሮ የሆነ ነገር ጨምሪበት።»

«ይኼ ዱቄት ባለፈው ወር ለጨጓራ አልነበረም?»

«ነበር። አሁን አድጓል።»

ሚልካ እስክሪብቶዋን አወጣች። ከኑሮ ሲባል የምታውቀው ኑሮ አንድ ነው። ሳታስብ ጻፈችው፤ ወይም አስባ ጻፈችው፤ ይኼን በኋላም ለይታ ልትናገር አልቻለችም። አንሶላ ሥር የሚነጠፍ ላስቲክ። ሁለት የውስጥ ልብስ ደርቦ መውጣት። ሽታ እንዲሸፍን ቦርሳ ውስጥ የሚያዝ ቅርንፉድ። ሁልጊዜ በር አጠገብ ያለችው ወንበር። እጇ እየፈጠነ መጣ፤ ሞገስ በትከሻዋ በኩል እያነበበ «አቦ! አቦ!» ይል ጀመር። በመጨረሻ ይኼን ጻፈች፦ «ስትስቂ ያመልጥሻል? ‹ጉልበቴን አሞኛል› እያልሽ ከመድረክ ሸሽተሻል?»

ሞገስ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ጉልበቴን! ጨርሰሻል አቦ! ከየት አመጣሽው?»

«ከጭንቅላቴ» አለች ሚልካ።

«በይ አሁን ሳቂ።»

ሳቀች። ይኼኛው ልክ ነበር።

የሚልካ እናት ከበደች ድሮ ከመዘምራኑ ፊት መስመር ላይ ነበረች። የእነሱ መዝሙር ተቁሞ የሚዘመር አይደለም፤ ይዘለላል። የመጨረሻ ልጇን ኤልያቄምን ሁለት ቀን አምጣ ወለደችው። ከዚያ ወዲያ መዝለል ቀረ፤ ማሳልም መሳቅም በልክ ሆነ። ለመዘምራኑ «ጉልበቴን አሞኛል» አለቻቸው። መዘምራኑ ለሽማግሌዎች ነገሩ፤ ሽማግሌዎቹም እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት፤ ጉልበቷ ላይ። የትኛው እንደሆነ ስላልነገረቻቸው ለሁለቱም ጸለዩ። አራት ዓመት ሙሉ «የእህት ከበደች ጉልበት» ከጸሎቱ ዝርዝር ሳይወርድ ቆየ። ይኼን ያህል የተጸለየለት ጉልበት በምዕራብ ሐረርጌ የለም። አንድም ቀን አሞት የማያውቅ ጉልበት ነው።

ገመድ ላይ የሚሰጣው አንሶላ የሚሰጣው በኤልያቄም ስም ነው። ልጁ ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ ደርቆ ያድራል። ጎረቤቶች «አንተ፣ አሁንም ትሸናለህ?» ሲሉት ቀና ብሎ እናቱን ያያል፤ እናቱም «ምን ላድርገው» ትላለች። በኋላ በኋላ ልጁም ራሱ አመነበት። አባታቸው ደገፋ የሚሠራው ሚኤሶ ነው። ቅዳሜ ማታ ሲመጣ ሳሎን መደቡ ላይ ይተኛል፤ ወገቡን ስለሚያመው ጠንከር ያለ ነገር ይሻለዋል። በዚያ ቤት እያንዳንዱ ሰው የሚያመው አንድ ቦታ ነበረው።

በዲሽ የሚመጣ አንድ የዐረብ ቻናል ላይ ደግሞ ሌላ ማስታወቂያ አለ። ነጭ ሱሪ የለበሰች ሸበቶ ሴት ትዘላለች። ከጓደኞቿ ጋር አፏን ከፍታ ትስቃለች። ቀጥሎ ፊቱ የማይታይ ሰው በብርጭቆ የያዘውን ሰማያዊ ውኃ ነጭ ነገር ላይ ያፈስሳል። ሴትዮዋ እንደገና ትዘላለች። ይኼ ሲመጣ ከበደች ሽንኩርት መላጧን ታቆማለች።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለች አንድ ቀን።

«እኔ ዐረብኛ ምን አውቄ፣ እማ።»

ከበደች እስኪያልቅ አየችው። «የእነሱ ሰማያዊ ነው እንዴ?» አለች።

ሚልካ በሳቅ ወደቀች። ከበደች ግን ከንፈሯን ነክሳ ሽንኩርቷን ቀጠለች። መሳቅ የምትችል ሴት አልነበረችም።

ቅዳሜ፣ በገበያው ቀን፣ እትዬ ዘርፈሽዋል መጣች። ዘርፈሽዋል አሁንም መዘምር ናት፤ ከበደች መዝለሉን ብትተውም የመዘምራኑን ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት። ሁለቱ ግቢ ውስጥ ሰሌን አንጥፈው ሐምራዊ ጨርቅ ሲለኩ፣ ሚልካ በር ላይ ሆና ታሪክ ስታጠና፣ ከመንገዱ የባጃጅ ድምፅ መጣ። ከዚያ የሚልካ ድምፅ መጣ።

«ልጄ!» ዘርፈሽዋል ሜትሩን ጣለች። «ሚሉዬ አይደለችም እንዴ? አንቺ ነሽ አይደል? ውይ፣ ስታምሪ!»

ሞንታርቦው ላስቲኩን ተናገረ። ዘርፈሽዋል ሳቀች። የውስጥ ልብሱን ተናገረ። «ቅርንፉድ!» አለች ዘርፈሽዋል እንባዋን እየጠረገች። «ሰው እኮ ጉድ ነው፣ ከቤ! ሰማሽልኝ?» ከበደች ጨርቁን ይዛ መርፌዋን እያየች ነበር።

«ስትስቂ ያመልጥሻል? ‹ጉልበቴን አሞኛል› እያልሽ ከመድረክ ሸሽተሻል?»

ቀጥሎ ያ ጎረቤት ላይ የሚሳቀው የሚልካ ሳቅ መጣ። የዘርፈሽዋል ሳቅ ግን እንደ ተቆረጠ ክር ቀረ። የከበደችን ፊት አላየችም፤ ያየችው ጉልበቷን ነው። ከዚያ ዓይኗ ሳታዘው ገመዱ ላይ ወዳለው አንሶላ ሄደ። አንሶላው ሥር ኤልያቄም በቆርኪ እየተጫወተ ነበር። ሰው ሲያየው ምን እንደሚባል ያውቃል።

«እኔ ነኝ የሸናሁት» አለ።

ዘርፈሽዋል ለቅሶ መድረስ እንዳለባት አስታወሰች። ያልተለካውን ጨርቅ አጣጥፋ ሄደች። ባጃጁ ወደ መናኸሪያው ታጠፈና ድምፁ እየቀጠነ ጠፋ።

ከበደች ክሩን በምራቋ አርጥባ በመርፌው ቀዳዳ አሳለፈች። በመጀመሪያው ሙከራ ገባላት።

«ድምፅሽ ጥሩ ነው» አለች።

ሚልካ ፎቶ ቤት እስክትደርስ ሮጠች። ሞገስ አንዲት ሙሽራ ፊት ላይ መብራት እያስተካከለ ነበር።

«ጉልበት ያለበትን አውጣልኝ። በናትህ፣ ሞጌ።»

«ከእጄ ወጥቷል እኮ። ጂብሪል ከዚህ ሂርና ነው የሚሄደው። በደሳ ላይ የሚያዞረው ልጅም ትናንት ገልብጦ ወስዷል። ሰው ወዶታል፣ ምን ሆነሻል? ሴቶቹ እየተደበቁ እየመጡ ነው አለኝ ሰውዬው።» ከመሳቢያው አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። «ይኼው ኦሮምኛው። ገበያተኛው ሁሉ የሚሰማው ይኼን ነው። ቀረጻው ሰኞ ሦስት ሰዓት። ሳቁ እንዳይረሳ።»

ሚልካ ወረቀቱን ኪሷ ከተተች። ለምን እንደ ተቀበለችው አታውቅም። ሰው ወረቀት ሲሰጣት መቀበል ልማዷ ነው።

እሑድ ከበደች «ጉልበቴን» ብላ ቤት ቀረች። ይኼን ሰበብ ለገዛ ልጇ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። በር አጠገብ ያለችው ወንበር ባዶዋን ዋለች። ሚልካ ዝርዝሩን ይዛ ወደ ማይክሮፎኑ ወጣች። አንደኛ ስለ ዝናብ፣ ሁለተኛ ስለ ፈተና፣ ሦስተኛ መንገድ ላይ ስላሉ ሾፌሮች። አራተኛውን ታውቀዋለች።

«የእህት ከበደች ጉልበት» ብላ አነበበች።

ከመዘምራኑ ወንበር በእጅ የታፈነ ድምፅ አመለጠ። አንድ ሰው አሳለ። አንዱ ሽማግሌ ብቻ፣ ጆሯቸው ስለደከመ ባጃጁን ያልሰሙት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ ጉልበቱ አጥብቀው ጸለዩ።

ሰኞ ጠዋት ሚልካ ስትነሳ ጠረጴዛው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዱቄትና አንድ ብርጭቆ ውኃ ነበር። ከበደች ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች።

«ዘርፌ ናት የላከችልኝ» አለች። «‹ለጉልበትሽ› ብላ።» ጋዜጣውን በጣቷ ገለጥ አደረገችው። ዱቄቱ ቡኒ ነው። «ሚሉ፣ ይሠራል?»

ሚልካ ማይክሮፎን ፊት ሆና «ፈዋሽ ነው» ብላለች፤ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን ረገጥ አድርጋ።

«አይሠራም» አለች። «ባለፈው ወር ለጨጓራ ነበር።»

«ታዲያ እንደሚሠራ አድርገሽ ለምን ተናገርሽ?»

«አንብቢ አሉኝ።»

«ጉልበቱንም አንብቢ አሉሽ?»

ኤልያቄም ዳቦውን እያኘከ ሁለቱን በየተራ አየ።

«እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለች ሚልካ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እማ።»

ከበደች ተነስታ ከመደርደሪያው ላይ አንድ የቅባት ቱቦ አመጣች፤ ሳይከፈት አቧራ የጠጣ።

«እኔ እኮ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር» አለች። «ያኔ ኤልያቄም ገና ድክድክ ሲል። ካርድ የሚያወጣው ልጅ በመስኮቱ ‹ምንሽን ነው?› አለኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ጉልበቴን አልኩት። ዶክተሩም ካርዱ ላይ ያለውን አየና ይኼን ሰጠኝ።» ቱቦውን ዱቄቱ አጠገብ አስቀመጠችው። «አመስግኜ ወጣሁ።»

ሚልካ ጫማዋን አደረገች። የናቷን ነጠላ ከበሩ ሚስማር ላይ አወረደች።

«ትምህርትሽስ?»

«ልበሺ» አለች ሚልካ።

ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ያለው ልጅ ያው የድሮው ነው። አማርኛው «እርስዎ» የሚባል ነገር የለውም፤ ለትልቅም ለትንሽም አንድ ነው፤ በክፋት አይደለም። ከኋላቸው ስምንት ሰው ተሰልፏል።

«ምንሽን ነው?» አለ ቀና ሳይል።

ከበደች አፏን ከፈተች። «ጉል...»

«ቆይ» አለች ሚልካ። ከኪሷ የታጠፈውን ወረቀት አወጣች፤ ሌላ ወረቀት አልነበራትም። ጀርባውን ገልብጣ መስኮቱ ላይ ደገፍ አድርጋ ጻፈች። አራት ዓመት ሆኗታል። ከወሊድ በኋላ የመጣ ነው። ሽንት ያመልጣታል። የጥያቄ ምልክት አላደረገችበትም። በቀዳዳው አሾለከችለት።

ልጁ በተሳሳተው በኩል ያዘው። «ጅልባን ነ ዹኩባ...» ብሎ «ጉልበቴን ያመኛል» የሚለውን ኦሮምኛ ጮክ አድርጎ ማንበብ ጀመረ።

«በዚያ በኩል አይደለም።»

ገለበጠው። ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ከበደችን አንድ ጊዜ አያት፤ ከዚያ ካርዱ ላይ የሆነ ነገር ሰርዞ ሌላ ጻፈ። «ሰባት ቁጥር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሲስተር ሰርክአዲስ። ሴት ናት።» ወረቀቱን አነሳው። «ይኼን ትፈልጊዋለሽ?»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ከሩብ ይላል።

«አልፈልገውም» አለች ሚልካ።

ሰባት ቁጥር በር ላይ ባለው አግዳሚ ሦስት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንዷ የበደሳ ገበሬ ትመስላለች፤ አንዷ ከሚልካ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። ማንም ማንንም አያይም። ሚልካ ስትቀመጥ የቅርንፉድ ሽታ ሸተታት። ወደ እናቷ ዞረች። የእናቷ አልነበረም።

በመንገዱ በኩል ባጃጅ መጣ። ላስቲኩን ተናገረ፣ የውስጥ ልብሱን ተናገረ፣ ቅርንፉዱን ተናገረ። ልጅቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ሳብ አደረገች። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ረጅም ነው፣ ሞገስ ሁለት ጊዜ ቀጥሎታል። አግዳሚው ላይ ማንም አልሳቀም።

«የማን ልጅ ትሆን ይቺ የምትስቀው?» አለች የበደሳዋ ሴት በኦሮምኛ፣ ለማንም ሳይሆን።

ከበደች እጇን ሚልካ ጉልበት ላይ አሳርፋ ጫን አደረገችው። ዝም በይ ማለቷ ነው። ድምፁን አንዴ ከሰሙት ሁሉም ያውቁታል።

«የእሷ ልጅ» አለች ሚልካ በኦሮምኛ፣ እናቷን እያሳየች። «እኔ ነኝ።»