የጎደለው አራት መቶ ግራም

አባቴ ጉቶርም ቂም ሲይዝ ቤት ሠርቶ ይኖርበታል። የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ የያዘውን ቂም ሃያ ሦስት ዓመት ሞልቶኝም አልለቀቀውም ነበር። የተቀየመው ደግሞ አስላክን ነው። እኔ ደግሞ፣ የዓለም ወንድ ሁሉ ያለቀ ይመስል፣ የወደድኩት የአስላክን ልጅ።

ነገሩ የመጣው ከውድድሩ ነው። በየዓመቱ መጋቢት ላይ የሸለቆው ወንዶች ስኪ የሚባለውን ረጅም እንጨት እግራቸው ላይ አስረው፣ በበረዶ እየተንሸራተቱ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ተራራ ያቋርጣሉ፤ መድረሻው የእኛ ከተማ ሊለሃመር ነው። ድሮ ኖርዌይ እርስ በርሷ ስትዋጋ፣ ሁለት ወታደሮች ሕፃኑን አልጋ ወራሽ አዝለው በዚሁ ተራራ አሽሽተውታል። ስለዚህ ባዶ ጀርባውን የሚሮጥ የለም። ሁሉም ሦስት ኪሎ ተኩል የሚመዝን ቦርሳ ያዝላል፤ ሕፃኑ ሙሉውን እንደ ደረሰ ቦርሳውም ሙሉውን መድረስ አለበት። መጨረሻው መስመር ላይ ይመዘናል፤ ከጎደለ አንደኛ የወጣም ቢሆን ስሙ ይሰረዛል።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አባቴ ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ሚዛኑ ላይ የነበረው አስላክ ነው። መርፌውን አየና ጮክ ብሎ «ሦስት ኪሎ ከሦስት መቶ» አለ፤ ሕዝቡ ሁሉ ሰማ። አባቴ «ሚዛኑ ውሸታም ነው፤ ያነበበውም» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሰላም ተባብለው አያውቁም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ ይቀመጣል፤ ቂም ይዞ ጸሎት ይሉሃል ይህ ነው።

በዓመቱ አባቴ አንድ የሸራ ቦርሳ ውስጥ አራት ኪሎ የሚሆን የወንዝ ድንጋይ ከተተና አፉን በወፍራም ክር ግጥም አድርጎ ሰፋው። ሌላው ሰው ቦርሳው ውስጥ የሚይዘው ቅያሪ ልብስ ነው፤ ተራራው ላይ የበረዶ ማዕበል ቢነሳ ነፍሱን ሊያተርፍበት። አባቴ ድንጋይ ያዝላል። በየዓመቱ ሚዛኑ ላይ ግው አድርጎ ይጥለውና አስላክን ያየዋል። ከዚያም ለሰማውም ላልሰማውም፣ የአስላክ ልጅ ቦርሳ ሲጎድል ሳላይ አልሞትም ይላል።

ከአስላክ ልጅ ከሃልቫርድ ጋር የተገናኘነው ተራራው ላይ ነው። የስኪዬ ጫፍ ተሰብሮ በረዶ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስራገም አንድ ረጅም ልጅ ከላይ ወረደ። ከቦርሳው የቆርቆሮ ጫፍ አወጣና ስኪዬን ጠገነልኝ። እጆቹን አየሁ፤ አይቸኩሉም።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ ሲጨርስ።

«የጉቶርም።»

ሳቀ። «እንግዲያው መልሼ ልስበረው። አባትሽ አንድ ላይ ካየን የሚሰብረው እኔን ነው።»

ሁለት ክረምት እንዲህ ተደብቀን ተዋደድን። ገበያ ላይ እንደማይተዋወቅ ሰው እንተላለፋለን፤ ከተላለፍን በኋላ ግን ጀርባዬ ድረስ ይሞቀኛል። በሦስተኛው ክረምት ሹራብ ሠራሁለት፤ ደረቱ ላይ እናቴ ከመሞቷ በፊት ያስተማረችኝን የከዋክብት ጥለት አወረድኩበት። አባቴ የማን ነው ሲለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ ለገበያ ነው አልኩት።

ሃልቫርድ ያንን ሹራብ የቦርሳው ማሟያ አደረገው። በእነሱ ወጥ ቤት ሚዛን ሌላውን ዕቃ መዘንነው፤ ሦስት ኪሎ ከአንድ መቶ ሆነ። ሹራቡ ሲጨመር ልክ ሦስት ተኩል መጣ። ትንሽ ትርፍ ጨምርበት አልኩት፤ እምቢ አለ።

«አንቺ ሞላሽው። ሌላ ምን ያስፈልገዋል?» አለኝ።

በሰሜን በኩል የደን ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ሰኞ ሊሄድ ነው። ቅዳሜ፣ ውድድሩ እንዳለቀ፣ አባቴን ሊጠይቀው ተስማማን። እሺ ካለ አብረን እንሄዳለን፤ እምቢ ካለ ብቻውን ይሄዳል። እኔ አባቴን ከነቂሙ ባዶ ቤት ጥዬው መሄድ አልችልም፤ ሃልቫርድም ይህን አውቆ አንድ ቀን እንኳ አላስጨነቀኝም።

ያኔ ሴት አትወዳደርም ነበር። ከግማሾቹ ወንዶች እሻል ነበር፤ ግን የእኛ ቦታ ሾርባው ጋ ነው። እኔ እንኳ ሚዛን የደረሰኝ የአስላክ ዓይን ስለደከመ ነው። እሱ ድንኳኑ ውስጥ ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ እኔ መርፌውን አይቼ እናገራለሁ፤ መዝጋቢው ይጽፋል።

የዚያን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከተራራው ጎጆ ስልክ ተደወለ። ማዕበል ተነስቷል፤ ሰው ሰውን አያይም አሉ። አባቴ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እዚያው ላይ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው ደግሞ ድንጋይ። ከዚያ በኋላ በገባ ሰው ቁጥር ከሚዛኑ ቀና ብዬ ፊቱን አያለሁ፤ አባቴ አይደለም፤ ሃልቫርድም አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ጋር ይገባል የተባለው ሃልቫርድ አንድ ሰዓት ሙሉ ዘገየ።

ሲገባ ቅንድቡ በረዶ ሆኗል። ቦርሳውን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠና ዓይን ዓይኔን አየኝ። መርፌው ሄደ፣ ሄደና ቆመ።

ሦስት ኪሎ ከአንድ መቶ።

ቦርሳውን አንስቼ እንደገና አስቀመጥኩት። ያው ነው። ከፈትኩት፤ ሹራቡ የለም።

«ሹራቡስ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ተራራው ላይ ይበርድ ነበር።»

«ጣልከው?»

«አልጣልኩትም።»

«ታዲያ የት አለ?»

የቦርሳውን አፍ መልሶ አሰረ። ቆሽቴ ድብን አለ። ክረምቱን ሙሉ ጣቴ እስኪላጥ የሠራሁት ሹራብ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት! ለማን ሰጠው? ቅርታዬን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ ፍርሃቱ መጣ። ይህን ጉድለት ካነበብኩ አባቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀውን ቀን አገኘ ማለት ነው። ሽማግሌውን በሰደበበት አፍ ልጁንም ይሰድባል። ከዚያ በኋላ ሃልቫርድ ምን ብሎ ደጃችንን ይረግጣል?

መርፌውን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። «ሦስት ተኩል» ብል አለቀ። መዝጋቢው እርሳሱን ይዞ ይጠብቃል። አስላክ ከምድጃው አጠገብ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ምን አለ ሚዛኑ፣ ልጄ?»

«ሦስት ኪሎ...» አልኩና አቆምኩ። ሃልቫርድን አየሁት። አልለመነኝም፤ አልተቆጣኝም።

«ያየሽውን ተናገሪ» አለኝ።

«ሦስት ኪሎ ከአንድ መቶ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ውጪ የነበሩት ሰሙና አጉረመረሙ። አስላክ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ መዝጋቢውን «ጻፈው» አለው። ያኔ ገባኝ፤ ይህ ሰው የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዚህን ያህል ከብዶት ኖሯል።

ሃልቫርድ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። ከድንኳኑ በር ቆሞ ዱካውን ያያል። እያንዳንዱ ሰው ሲገባ ቆጠርኩ። አንድ ሰዓት አለፈ። አልቻልኩም፤ ስኪዬን አንስቼ ወደ ላይ ልወጣ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«አባትሽ ይመጣል።»

«በምን አወቅህ?»

ዓይኑን ከዱካው አላነሳም። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰው ይገድላል።

እውነትም መጣ። የሚንሸራተትም የሚራመድም አይመስልም፤ ፊቱ አመድ ነው። ድንጋዩን እንደ ልማዱ ሊጥለው ሞከረ፤ ጉልበት አጥቶ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። አራት ኪሎ። አግዳሚው ላይ ሲወድቅ ሮጬ የንፋስ መከላከያውን ዚፕ ከፈትኩለት።

ከዋክብቱ ደረቱ ላይ ነበሩ።

ከውጪ አንዱ፣ ያላየው፣ «ጉቶርም፣ እንኳን ደስ ያለህ! የአስላክ ልጅ ጎደለበት!» ብሎ ጮኸ። አንዳንዶቹ ሳቁ።

«ስንት?» አለኝ አባቴ።

«አራት መቶ ግራም።»

«ማን አነበበው?»

«እኔ።»

ደረቱ ላይ ያሉትን ከዋክብት በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ ሳይጠየቅ ተናገረ። ጎጆው ሳይደርስ ወድቆ ላቡ ላዩ ላይ በርዶበታል። ቦርሳው እንደሆነ የተሰፋ ነው፤ ቢከፈትስ ድንጋይ ይለበሳል? ሃልቫርድ ሲደርስ ሂድ ከዚህ ብሎ ሰድቦታል። ልጁ ግን መልስ ሳይሰጥ እንደ ሕፃን አወላልቆ፣ ሹራቡን አልብሶ፣ ደግፎ እስከ ጎጆው ምድጃ ወስዶታል። የጎጆው ሰዎች ወደ አልጋ ሲሉት እሱ እየተሳደበ እንደገና ስኪውን አስሯል።

«ለማንም አልናገርም አለኝ። እንዳላፍር ነው» አለ። ከዚያ ተነሳ። እየተንገዳገደ ወደ ምድጃው ሄዶ አስላክ ፊት ቆመ።

«አስላክ፣ የዚያን ቀን ሚዛንህ ልክ ነበር።»

ሽማግሌው ወደ ምድጃው አንድ እንጨት ጨመረ።

«ሚስቴ እንዳይርበኝ ብላ ወፍራሙን የእግር ሹራብ አውጥታ ዳቦና አይብ አስገብታልኝ ነበር። ክብደቱ ያው ነው ብላ። እኔም ሳላስብ መንገድ ላይ በላሁት። እውነቱን ብናገር ከተማው በሙሉ ሊስቅባት ነው። ስለዚህ ሚዛኑን ሰደብኩ። እሷ እስክትሞት ያወቀችው ሚዛኑ መዋሸቱን ነው።»

አስላክ በደከመ ዓይኑ ወደ ድምፁ አቅጣጫ አየ። «እዚህ ተቀመጥ፣ ጉቶርም፤ ብርድ መትቶሃል» አለና አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀለት። አባቴ ተቀመጠ። ያንን ሳይ እንባዬን መያዝ አቃተኝ፤ ለማንም አላፍርም፣ አለቀስኩ።

አባቴ የሹራቡን እጅጌ ይጎትት ጀመር። ጣቱን አልፎ ተንጠልጥሏል።

«የእናትሽ ጥለት ነው። ይህን እጅጌ ግን ለእኔ አልለካሽውም» አለኝ። ወደ ሃልቫርድ ዞረ። «እጅህን ዘርጋ እስቲ።»

ሃልቫርድ ዘረጋ። አባቴ የራሱን ክንድ ከልጁ ክንድ ጎን አስተካክሎ ለካው፤ እጅጌው ከሃልቫርድ የእጅ አንጓ ላይ ልክ ቆመ።

«ልክህ ነው» አለው። «ከደረቀ በኋላ ትወስደዋለህ። እሷንም።»

የሃልቫርድ ስም የዚያን ዓመት ተሰርዟል፤ መዝገቡ ላይ አሁንም እንደተሰረዘ ነው፤ ያሰረዝኩትም እኔ ነኝ። በተጣላን ቁጥር ያነሳብኛል።

ሰኞ ጠዋት ባቡሩ ሊነሳ ሲል አባቴ ያንን የሸራ ቦርሳ ይዞ መጣ። ክሩ ተተርትሯል። በመስኮቱ አቀበለኝና ከፈትኩት፤ ድንጋዩ የለም፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦና ቡናማ አይብ ነው።

«መንገድ ላይ ብሉት» አለ። «የሚመዝን የለም።»