ቁልቁለት ላይ የሚሸት ቅቤ

«ማን ነው በዚህ ሰዓት ቅቤ የሚያነጥረው?» አሉ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ አፍንጫቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። መኪናዋ ከአሰላ ወደ ኢተያ እየወረደች ነበር፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከስንዴ ማሳ በቀር አንድ ጎጆ እንኳ አይታይም።

ብርቄ ግን አልሳቀችም። ትምህርት ቤት የተዘጋ ሰሞን ስለነበር አባቷን አቶ ሣህሌን ተከትላ ወጥታለች፤ ከአጠገባቸው ተቀምጣ፣ ፍሬን በረገጡ ቁጥር መኪናዋ ወደ ቀኝ ስትስብ ታያለች። አባቷ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«የግራ ኋላው አልይዝ አለ» አሉ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ተሳፋሪውን ኢተያ አራገፉና ባዶዋን መኪና እያዘገሙ ወደ አሰላ መለሷት።

መኪናዋ ከጣሊያን ጊዜ የቀረች አሮጊት ናት። የከተማው ሾፌሮች «እሜቴ» እያሉ ይቀልዱባታል። ለብርቄ ቤት ግን እንጀራ ማለት እሷው ናት፤ ስለዚህ እሜቴ ስታስነጥስ ቤተሰቡ በሙሉ ጉንፋን ይይዘዋል።

መካኒኩ ጋሼ ሁሴኖ ቸኩለው የማያውቁ ሰው ናቸው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው የግራ ኋላውን በክሪክ አነሱ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት፤ አልተነቃነቀም። በእጃቸው አሽከርክረው ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ፤ ያለ ኮሽታ ዞረ። «ኩሽኔታው ጤነኛ ነው» አሉ። ከዚያ ጎማውን ፈቱ፤ የፍሬኑን ታምቡርም አወጡ። ውስጥ ያለው የፍሬን ሸራ ጥቁር ቅባት ጠጥቶ ያብረቀርቃል።

«ይኸውልህ ሣህሌ። የዲፍሬንሻሉ ዘይት በአክስሉ በኩል መጥቶ ፍሬኑ ላይ እየፈሰሰ ነው። ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ አልቋል፤ አክስሉ መውጣት አለበት።»

«ጎሚኒው እኮ በቅርቡ የተቀየረ ነው።»

«እንግዲያው ዘይቱን ከልኩ በላይ ሞልታችሁታል። ሲበዛ መውጫ ይፈልጋል።»

አቶ ሣህሌ ዞር ብለው ረዳታቸውን ረዲን አዩት። ዘይት የሚሞላው እሱ ነበር። ረዲ ከአገሩ ርቆ መጥቶ በዚች መኪና ሥራ እናቱን የሚጦር ጎረምሳ ነው።

«ጋሼ፣ ወላሂ ልኩን ነው የሞላሁት» አለ።

«ሰው ጭኜ ገደል ልገባ ነበር ዛሬ። ነገ ሥራ ብለህ እንዳትመጣብኝ።»

ረዲ የያዘውን ጨርቅ አጣጥፎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። ብርቄ እሱን ማየት አቃታት፤ ቅባቱን ባየች ጊዜ ትዝ ያላት ሌላ ነገር ነበርና።

የዲክሲሷ አሮጊት አዴ ዙሀራ ትዝ አሏት። በክረምቱ የልጅ ልጃቸው በትኩሳት ሲቃጠል፣ አባቷ በዚያ ጭቃ ዲክሲስ ድረስ ሄደው ልጁን ሐኪም ቤት አድርሰውታል። ልጁ ድኖ መሮጥ ሲጀምር አዴ ዙሀራ ሰሞኑን አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ይዘው ሊያመሰግኑ መጡ። አቶ ሣህሌ ግን «ውለታ አይሸጥም እናቴ፤ ለልጁ ያድርጉለት» ብለው ቅሉን መለሱባቸው። ጥሩ ያደረጉ መስሏቸው ነበር።

ብርቄ ልትሸኛቸው ስትወጣ አዴ ዙሀራ መኪናዋ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። «አባትሽ እምቢ ካለ እቺ እምቢ አትለኝም። ልጄን የተሸከመችው እሷ ናት» አሉና ከቅቤው ዘግነው፣ እየመረቁ በአጠገባቸው ያለውን የግራ ኋላ ጎማ ቀቡት። በጎማው መሀል የፍሬኑ ሸራ የሚታይባት አንዲት ቀዳዳ ነበረች። «መንገድ ላይ ትጮሃለች፤ ጉሮሮዋ ይለስልስ» ብለው በጣታቸው እየገፉ በዚያችም ጨመሩበት። ከዚያ የብርቄን እጅ ያዙ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ቅር ይለዋል።»

ብርቄም ቃል ገብታ ነበር።

አሁን ብትናገር የአሮጊቷ ምርቃት ጥፋት ሊባል ነው። ዝም ብትል ረዲ እንጀራውን ያጣል። ጥቂት አሰበችና «ጋሼ ሁሴኖ፣ ከአክስሉም ትንሽ ዘይት ያውጡልኝ» አለች።

«ምን ሊሠራልሽ?»

«ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ለማየት ነው።»

ጋሼ ሁሴኖ ፈገግ ብለው እሺ አሏት። አንዱን ጠብታ ከአክስሉ፣ አንዱን ከፍሬኑ ወሰደችና በቆርቆሮ ክዳን ላይ ጎን ለጎን አድርጋ ደጅ አሳደረችው። የአሰላን ብርድ ታምነዋለች።

በማግሥቱ ጠዋት ረዲ ልብሱን ለመውሰድ ሲመጣ ብርቄ፣ አባቷና ጋሼ ሁሴኖ ክዳኑን ከበው ቆመው ነበር። ብርቄ ክዳኑን አዘነበለችው። የአክስሉ ዘይት እንደ ትናንቱ ጥቁር ሆኖ ፈሰሰ። የፍሬኑ ግን ረግቷል፤ ጋሼ ሁሴኖ በጥፍራቸው ሲፍቁት ከጥቁሩ ሥር ቢጫ ወጣ። አሸተቱት።

«አጃኢብ ነው» አሉ። «ቅቤ ነው። እኔ ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ኖሬአለሁ።»

«መኪናዬ ላይ ቅቤ ማን አባቱ ያደርጋል?» አሉ አቶ ሣህሌ፣ ዓይናቸውም እንደገና ወደ ረዲ ሄደ።

ያኔ ብርቄ መረጠች። «አባባ፣ ረዲ አይደለም። አዴ ዙሀራ ናቸው። ቅሉን ሲመልሱባቸው ለመኪናዋ ሰጧት። ለአባትሽ እንዳትነግሪ ብለውኝ ነበር።»

አቶ ሣህሌ የሚቆጡ መስሏት ነበር፤ እሳቸው ግን የረጋውን ቅቤ እያዩ ፊታቸው ላላ።

«በዚያ እርጅና ያን ሁሉ መንገድ ይዘውት መጥተው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ደግሞ ተሸክመው ይመለሱ አልኩ።» ከዚያ ወደ ረዲ ዞሩ። «በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ ልጄ።»

ረዲ አንገቱን ደፍቶ «ኧረ ጋሼ ምን አለ» አለና ጨርቁን ከድንጋዩ ላይ አነሳ። ሸራውን በቤንዚን አጥበው፣ ፍቀው መለሱት። እሜቴም በሁለቱም በኩል እኩል ያዘች።

በገበያ ቀን ተሳፋሪ እየጫኑ ሳለ አዴ ዙሀራ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ብቅ አሉ። በሌላው እጃቸው ቅል ይዘዋል። ረዲ አያቸውና ሳይታወቀው ወደ ግራ ኋላው ጎማ ተጠጋ።

አቶ ሣህሌ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ቅሉን በሁለት እጃቸው፣ ጎንበስ ብለው ተቀበሉ። «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ። ዛሬ በቅቤ ነው የምበላው።»

የአዴ ዙሀራ ዓይን እንባ አቀረረ። «ገለቶሚ» እያሉ ደጋግመው አመሰገኑ። ከዚያ ከቅሉ አፍ ትንሽ በጣታቸው ጨለፉና ወደ ብርቄ ጠጋ ብለው «ለእሷስ?» አሉ በሹክሹክታ።

ብርቄ ስለ ፍሬኑ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ተወችውም። ክንዳቸውን ደግፋ ጎማውን አሳለፈቻቸውና ኮፋኖው ፊት አቆመቻቸው።

«ግንባሯ ይኸውና እማማ» አለች። «እዚህ ነው የሚቀቡላት።»