አስር ለዘጠኝ

ራኬቶቹ ተቀያየሩ።

የጠረጴዛ ቴኒስ ወግ ነው። ጨዋታው ሊጀመር ሲል አንዷ የሌላዋን ራኬት ተቀብላ ታገላብጣለች፣ ታያለች፣ ትመልሳለች። ሱልጣናና ሚላ ግን የተቀበሉትን ሳይመልሱ ቀሩ። ሁለቱ ራኬቶች መንታ ነበሩና ዳኛው ምንም አልጠረጠረም።

ከባህር ማዶ የመጣችው ሚላ እጀታው ውስጥ የደበቀችው ሚሞሪ ካርድ አሁን ሱልጣና መዳፍ ውስጥ ነው። ካርዱ ላይ አንድ ስም አለ፤ የስለላ መሥሪያ ቤቱን ስውር ሰዎች ለጠላት የሚሸጠው ሰው ስም። እስካሁን ሁለት ሞተዋል። ዘጠኝ ቀርተዋል። ስሙ ዛሬ ካልታወቀ እነሱም ይከተላሉ።

የደብረ ብርሃኑ አዳራሽ ጢም ብሏል። ዓለም አቀፍ ውድድር፣ የሴቶች ነጠላ ፍጻሜ። ሱልጣና በመሥሪያ ቤቱ «ገብስ» ትባላለች። ተጫዋችነቷ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ግን ውሸት አልነበረም። አልዩ አምባ ውስጥ በአባቷ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ኳስ ስትመታ ያደገች ልጅ ናት። አባቷ ኢስሀቅ ዛሬ የአንኮበርን ዳገት ወጥቶ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። በውድድር ሲያያት የመጀመሪያው ነው። ስለ ሌላው ሥራዋ የሚያውቀው ነገር የለም። ምን ታድርግ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዲኮራባት ፈልጋ ነበር።

አራት ዙር አለቀ። ሁለት ለሁለት።

ለእረፍት ወደ ዘሥላሴ ሄደች። ለሰው አሰልጣኟ ነው፤ ለእሷ አለቃዋ። ፎጣ አቀበላት።

«ጎበዝ» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ራኬቱን ለምን ትተሽው መጣሽ? ሂጂ አምጪው፤ ልየው።»

ሱልጣና ፎጣውን ፊቷ ላይ እንዳደረገች ደርቃ ቀረች።

በእረፍት ሰዓት ራኬት ከጠረጴዛ አይነሳም። ጀማሪ እንኳ የሚያውቀው ሕግ ነው። ደግሞ ለዘሥላሴ የተነገረው ርክክቡ ከጨዋታው በኋላ ልብስ መቀየሪያ ክፍል እንደሚሆን ነበር። የሁለቱም የበላይ ኃላፊ ግን «ራኬቱን ለማንም፣ ለእሱም ቢሆን እንዳትሰጪ» ብላ አስጠንቅቃታለች።

ታዲያ ራኬቱ ውስጥ መሆኑን ማን ነገረው?

ስሙን ለማወቅ ካርዱን መክፈት አላስፈለጋትም።

«ዳኛው ይቆጣል» አለች።

«እሺ። እንዳለቀ ግን በቀጥታ ለእኔ። ቦርሳሽንም እኔ እይዘዋለሁ።»

በሮቹን በዓይኗ ቃኘች። በሁለቱም ላይ የማታውቃቸው ወንዶች ቆመዋል። ሁለቱም የሚያዩት ዘሥላሴን ነው። ጨዋታው እስኪያልቅ ራኬቱን በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት የሚነካው የለም። ከዚያ በኋላ ግን በእጇ አንድ ደቂቃም አይቆይም።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሰአዳ ተቀምጣለች፤ የሚሸጥ ብርድ ልብስ ጭኗ ላይ ከምራ። ኃላፊዋ ከዘሥላሴ ደብቃ የላከቻት ረዳት ናት።

አምስተኛው ዙር ተጀመረ። ሱልጣና እንደዛሬ ተጫውታ አታውቅም። አስር ለዘጠኝ መራች።

አንድ ነጥብ ብቻ ቀራት። ኢስሀቅ ብድግ ብሎ «ያ አላህ! ያ አላህ!» ይላል።

ካሸነፈች ጨዋታው ያልቃል። ካለቀ ራኬቱ የዘሥላሴ ነው።

መታች። ኳሷ ከጠረጴዛው ጠርዝ በታች ጎኑን ነክታ ወደቀች። ዳኛው ነጥቡን ለሚላ ሰጠ። አስር ለአስር። ዳኛው ትክክል ነበር፤ ሱልጣና በዓይኗ በብረቱ አይታለች።

«ሌባ!» ብላ ጮኸች። «ጠርዙን ነክታለች! አንተ ሌባ!»



ራኬቱን ባላት ኃይል ወደ ሦስተኛው ረድፍ ወረወረችው።

«ወይኔ ራሴን!» አለች ሰአዳ። ጎንበስ ስትል ብርድ ልብሶቿ ተዘረገፉ። ሰብስባ ስትነሳ ራኬቱ በቦታው አልነበረም። የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪዎች ከነብርድ ልብሷ ደግፈው አወጧት። በሩ ላይ የነበረው ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ የተፈነከተች ሴት ማን ያስቆማል?

ቀይ ካርድ። ከውድድር መባረር። ሕዝቡ «ውጪ! ውጪ!» እያለ አፏጨባት። ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ያዟት። ዘሥላሴ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቆመ። በፖሊስ ፊት ምንም ሊያደርጋት አይችልም። ዋንጫውን ያገኘችው ሚላ ፈገግ አላለችም። ገብቷታል።

ኢስሀቅ ቆቡን አስተካከለ፣ ዓይኑን ከልጁ ላይ ነቀለ፣ ወጣ። ሱልጣና «አባዬ» ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።

ፖሊሶቹ ከሰዓት በኋላ ለቀቋት። ስልኳ ጮኸ። ኃላፊዋ ናት።

«ብርድ ልብሱ ደርሶናል። አሰልጣኝሽም እጃችን ላይ ነው።»

«ዘጠኙስ?»

«ደህና ናቸው። አንቺን ግን ከእሱ ስም ይገዙ የነበሩት እየፈለጉሽ ነው። ወደ ቤት እንዳትሄጂ፤ እንዳትደውዪም።»

«ለአባቴ አንድ ቃል ብቻ…»

«አይሆንም፣ ገብስ።»

ሲም ካርዷን ሰብራ ጣለች። ሻሿን ተከናንባ ከአልዩ አምባ በተቃራኒ አቅጣጫ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀመጠች። አጠገቧ ያሉት ባልቴት ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

«ያቺን ባለጌ ዛሬ አየሻት ልጄ? አገር አሰደበች እኮ!»

«ሰማሁ፣ እማማ።»

«የማን ልጅ ትሆን ግን?»

ሱልጣና በመስኮቱ የገብሱን ማሳ አየች።

«እንጃ» አለች።

ጫጫ ሲደርሱ «ወራጅ አለ» ብላ ወረደች።