የአሥር ሰዓቷ መስመር

«ጆሮ፣ ፊደሉ ደቅቆብህ ነው እንዲህ የምታፈጠው?»

አራሚያችን መጀመሪያ ያነጋገረችኝ እንዲህ ብላ ነው። ቢሮው «ጆሮ» የሚለኝ የተቀዳ ስብሰባ እያዳመጥኩ ስለምጽፍ ነው። ኮምፒውተሩን ያስተማረኝ የለም፤ በዚህ ዕድሜዬ እየነካካሁ የለመድኩት ነው።

የሷ የመጻፊያ ፕሮግራም ግን በልኳ የተሰፋ ይመስላል።

«ሚስጥሩ አንድ ፋይል ነው» አለችኝ። «የፊደሉን መጠን፣ ቀለሙን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ በመስመር ታዘዋለህ። የኔን እያየህ የራስህን ጻፍ።»

እያየህ ነበር ያለችኝ። እኔ እንዳለ ገለበጥኩት።

ፊደሉ ፈካልኝ፤ ልቤም አብሮ። አሥር ሰዓት ሲሆን ግን ስክሪኔ ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «የኔ ጌታ፣ ዓይንህን አሳርፍ። በር ላይ እየጠበቅኩህ ነው።»

አምላኬ... ለኔ መሰለኝ። ኮቴን አንጠልጥዬ ወረድኩ።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለኝ ዘበኛው። ከሱ በቀር ማንም አልነበረም።

በማግስቱም ያው ጽሑፍ መጣ። በሦስተኛው ቀን ገባኝ፤ ከሷ ፋይል ጋር የገለበጥኩት ነው፤ ይህ ቃል ሌላ ባለቤት አለው። ከዚያ ወዲያ ጥርጣሬ እንደ ብል ይበላኝ ጀመር። አሥር ሰዓት ላይ ለምን ታቀረቅራለች? ስልኳ ሲጠራ ለምን ኮሪደር ትወጣለች? ሻይ ስትጋብዘኝ «ሥራ አለብኝ» አልኩ። በጸሎቴ መሃል እንኳ እሷን ስመረምር ራሴን አገኘሁት።

በሁለተኛው ሳምንት ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምን በድዬህ ነው?»

ለአሥር ሰዓት ሁለት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ስክሪኑን አዞርኩላት። ጠበቅን። ብቅ አለ።

«ፋይሉ የባለቤቴ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ካርታ ሲሥል ዓይኑን ያመው ነበር። እኔ የጨመርኩበት ይቺን መስመር ብቻ ነው። ከሞተ አራት ዓመቱ... መሰረዝ አቃተኝ።»

«ስልኩስ?»

«እናቱ ናት። ከኔ ሌላ ማን አላት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«አንተ ሰርዝልኝ» አለችኝ፣ ወደ ማሽኗ እየወሰደችኝ።

አልሰረዝኩም። መስመሩ መነሻ ላይ አንዲት ምልክት ብቻ አስቀመጥኩ። ያ ምልክት ያለበትን መስመር ማሽኑ ዘሎት ያልፋል፤ ሰው ግን ያነብበዋል።

«ይኸው፣ አለ» አልኳት። «ቦታው ላይ ይረፍ።»

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «የራስህን መቼ ነው የምትጽፈው፣ አንተ ሰነፍ?»

ያን ሳምንት ከባዶ ጀመርኩ። ሰባት መስመር ጻፍኩ፤ ሦስቱ እንቢ አሉ። አንዷን መስመር እሷን አስፈቅጄ የሷ ፋይል ውስጥ፣ ከዝምተኛዋ መስመር ሥር አስገባኋት፦ «አሥር ሰዓት ሆነ። ጆሮ በር ላይ ነው።»

በማግስቱ በር ላይ ቆምኩ። ደረጃው ላይ የጫማዋን ድምፅ ከሩቅ ለየሁት።

«ዛሬስ መጣችልህ» አለኝ ዘበኛው።