የማይደርቀው ቁስል

ኦቦ ኢቲቻ ቡራዩ ባለው የመስታወት መቁረጫ ቤታቸው ውስጥ፣ የመስታወት ስባሪ አንገታቸው ላይ ተሰክቶ ሞተው ተገኙ። ቁልፉ ያለው በሦስት ሠራተኞቻቸው እጅ ነበር፦ በሩቲ፣ በአጎቷ በሳህሉና በዲኖ። የሩቲ መዳፍ ላይ ደግሞ እርጥብ ቁስል አለ።

የሩቲ አያት፣ የሳህሉ እናት ወይዘሮ ማሪቱ ይህን ከሰሙ ወዲህ እህል በአፋቸው አልዞረም። ልጅቷን ሊያስሩብኝ ነው እያሉ ከሥሯ አልጠፉም።

«ይረጋጉ እማማ» አለች መርማሪዋ ላሊሴ፣ የሩቲን መዳፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ። «መቼ ነው የቆረጠሽ?»

«ባለፈው ወር። መስታወት ስጭን።»

«የወር ቁስል እንዲህ ያዣል እንዴ?» አለ ዲኖ። «የእኔ በሳምንቱ ይደርቃል!»

ሳህሉ አንገቱን ደፋ። «የእህቴ ልጅ ናት፤ ምን ልበል? ግን ኦቦ ኢቲቻ ከመሞታቸው በፊት መዳፏ ደህና ነበር።»

ሩቲ ቀና ብላ አየችው፤ ቃል አልወጣትም። ማሪቱ ግን የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። ሳህሉ መቼ ዋሽቶ ያውቃል?

በማግስቱ ላሊሴ ሁሉንም መስታወት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች። ሳህሉ ከፔርሙስ ሻይ ቀድቶ አደለ። እሷም ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አይታ ጀመረች።

«ቁስል ሲድን ሰውነታችን ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች የተበላሸውን ሥጋ አፍርሰው ለአዲሱ ቦታ ይለቃሉ። ከዚያ ያቆማሉ። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ላይ ግን ማፍረሱን ይቀጥላሉ፤ አዲሱንም ይንዱታል። የወር ቁስል የትናንት የሚመስለው ለዚህ ነው። ሩቲ ስኳር አለባት።»

«ምን?» ማሪቱ ደረታቸውን ያዙ። «ሩቲዬ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እንዳይጨነቁብኝ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ዲኖ፣ ከሻይህ ሥር ምን አለ?» አለች ላሊሴ።

«ስኳር ነዋ!»

«የእኔም፣ የእማማም እንደዚያው። የሩቲ ብቻ የለበትም። ሳህሉ፣ ስኳሩን የጨመርከው አንተ ነህ፤ ማንም ሳይነግርህ የእሷን ተውከው። በሽታዋን ታውቃለህ ማለት ነው። ታዲያ ቁስሉ አዲስ ነው ብለህ ለምን ዋሸህ?»

«ክሊኒክ ያመላለስከኝ አንተ ነህ!» አለች ሩቲ። «ትናንት ዝም ያልኩት ጆሮዬን ማመን አቅቶኝ ነው።»

«ከሦስታችሁ አዲስ ቁስል ያለበት የለም፤ ስባሪውን የያዘው ሰው እጁ ያልተቆረጠው ጓንት ስላደረገ ነው» ቀጠለች ላሊሴ። «ዲኖና ሩቲ ንጹሕ የሥራ ጓንታቸውን አሳይተውኛል። ያንተስ የት አለ?»

ሳህሉ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

«እኔ እዚህ አርጅቼ፣ ኦቦ ኢቲቻ መስታወት ቤቱን ለእሷ ሊያወርሷት!» አለና ፊቱን ወደ እናቱ አዞረ። «እማዬ...»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ማሪቱ እንደ ልማዳቸው «ብርድ ነው፣ ልበስ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዘጉት፤ ጃኬቱንም አንስተው የሩቲ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉት።