ጃርት የበላው ድብዳብ

በውድድሩ ሁለተኛ ቀን በረዶ በተፎካካሪዎቹ ላይ ወረደ። ቨርና ቶሊቨር በሞንታና ተራራ ዳማ ፈረሷን ሽቅብ ስትስብ በረዶው ፊቷን ይገርፋት ነበር። የክረምቱን ስንቅ የማጓጓዝ ሥራ የሚያገኘው፣ ጫፉ ላይ ወዳለው የደን እሳት ጠባቂዎች ማማ ቀድሞ የደረሰ ነው። የፈረሱ ጀርባ በኮርቻ ተልጦ ከገጠበ ግን መድረሱ አይቆጠርለትም።

በረዶው ሲያባራ ኮርቻዋን አወረደች። ከሥሩ የሚነጠፈውን የሱፍ ድብዳብ ገልብጣ፣ ላብ የጠጣውን ፊት ለፀሐይ ሰጠች። ተፎካካሪዋ ድዋይት ሃስኬል ከነእርጥብ ድብዳቡ እየጋለበ አለፋት።

«ልብስ አጣቢ ሆንሽ እንዴ?»

«ሂድ ባክህ! ስለ ፈረስህ ጀርባ ከማማው አለቃ ከኦርቪል ጋር ታወራለህ።»

ሲመሽ ድካም አሸነፋት። አባቷ ድብዳብ ከፍ ብሎ ይሰቀል ይል ነበር፤ እሷ ግን የወደቀ ግንድ ላይ ጣል አድርጋው ተኛች። ጎህ ሲቀድ ጃርት የላቡን ጨው ፍለጋ መሃሉን በልቶት አገኘች። በድንጋይ አባረረችው። ድብዳቡን በባዶ መዳፏ ስትዳብስ የጃርት እሾህ ወጋት፤ ነቀለችው። ቀዳዳው ግን አይነቀልም። አጥፋ ብታነጥፈው ይቋጠራል፤ ኮቷን ብታነጥፍ ስፌቱ የፈረሱን ቆዳ ይልጣል።

«በል እንግዲህ፣ ዛሬ ተራው የኔ ነው» አለችው ዳማውን፤ ኮርቻውንም ከነድብዳቡ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጫነችው።

ወንዙ ዳር ድዋይት የኮርቻውን ጠፍር ሲያጠብቅ ደረሰችበት። ፈረሱ ጠፍሩ በጠበቀ ቁጥር ይሸማቀቃል።

«ቨርና! ማነው ማንን የሚጋልበው?»

«አፍህን ዝጋና ተሻገር!»

ውሃው እስከ ደረት ይደርሳል። ኮርቻውን አናቷ ላይ አድርጋ ገባች፤ መሃል ላይ እግሯ ከዳት። ኮርቻውን በአንድ እጇ እንደያዘች የዳማውን ጋማ ጨመደደች። ፈረሱ ጎትቶ አወጣት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ማማው ደረሰች። ድዋይት ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ኮርቻውን ግን አላወረደም። የማማው አለቃ ኦርቪል፣ ያ ቁጡ ሽማግሌ፣ ከፊቱ ቆሟል።

«አውርድ አልኩህ እኮ!»

«ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው…»

ኦርቪል ራሱ አወረደው። ድብዳቡ ፀጉርና ቆዳ ይዞ ተነሳ። ፈረሱ ተንዘፈዘፈ። ሽማግሌው ወደ ዳማው ዞሮ ጀርባውን ከትከሻ እስከ ወገብ በመዳፉ ተጫነው። ዳማው ሣሩን መጋጡን ቀጠለ።

«ኮርቻሽን ማን አመጣው?»

«ትከሻዬ።»

«ውድድሩ የግልቢያ ነው!» አለ ድዋይት።

«ቀድሞ የደረሰ ጤነኛ ጀርባ ነው ያልኩት» አለ ኦርቪል። «ሥራው የሷ ነው። ግቢ ልጄ፣ ትኩስ ሾርባ አለ።»

«መጀመሪያ መርፌና የሱፍ ክር ይስጡኝ።»

የተበላውን ድብዳብ አራገፈችና፣ በእግር ጣቶቿ ጫፍ ቆማ ከማማው ከፍተኛው ሚስማር ላይ ሰቀለችው።